እማዬ ስኳር እያለባት ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ካልጾምኩ ብላ አስቸገረችን፣ ምን ላርግ?

የእማዬ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 61 ዓመቷ ነው፣ ስኳር ከተገኘባት 9 ዓመት ሊሞላት ነው። ኢንሱሊን አትወጋም፣ በኪኒን ነው ያለችው፣ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊግራም ደሞ ጠዋት። የምትኖረው ደብረ ብርሃን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፣ ኪኒኗን ግን መድኃኒት ጾም አይሽርም ብላ በጠዋት ባዶ ሆዷን ትውጣለች።

ባለፈው አርብ ከቤተክርስቲያን መጥታ መደቡ ላይ ቁጭ እንዳለች ወንድሜ ሲያናግራት ሌላ ሌላ ነገር ትመልስለታለች፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ እሷ ግን ላብ በላብ ሆና ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተጣብቋል። በማሽን ሲለካት 48። ሻይ በስኳር አርጎ ሲሰጣት ጥርሷን ነክሳ "ሰዓቱ አልደረሰም" አትለውም! በግድ አጠጣት። ከዛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሲለካት 290 ሆነ፣ እሷ ደሞ "ይኸው ከፍ አለ፣ እናንተ ናችሁ በስኳር የሞላችሁኝ" ብላ ማንንም ሳትጠይቅ አንድ ግሊቤንክላማይድ ጨመረች። ሌሊቱን ሙሉ ወንድሜ እየቀሰቀሰ ሲለካት አደረ። እንዴት ነው በአንድ ቀን 48ም 290ም የሚሆነው? ጾሙንስ እንዴት ላስተዋት?

ሲስተር_ነኝ፦
እህቴ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ነርስ ነኝ፣ የስኳር ክትትል ክፍል ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ በጾም ሰሞን እንደዚህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

ሁለቱ ኪኒኖች ስራቸው አንድ አይደለም። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አያወርድም፣ ከምግብ ጋር የሚባለውም ሆድ እንዳይረብሽ ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ ብሎ የሚያስገድድ ነው፣ ሰውየው ይብላ አይብላ አያውቅም። እናትሽ ጠዋት 1 ሰዓት ውጠውት እስከ 9 ሰዓት ምንም ካልቀመሱ መውረዱ አይገርምም። 290ውን ደሞ ሻዩ ብቻ አላመጣውም። ሲወርድ ሰውነት ራሱ ጉበት ውስጥ ያስቀመጠውን ስኳር ይለቃል፣ በዛ ላይ ቀኑን ሙሉ የራበው ሰው እንጀራውንም ሽሮውንም ድንቹንም አንዴ ነው የሚበላው። እውነቱን ለመናገር እኔን ከ48ቱ በላይ ያስደነገጠኝ የጨመሩት ኪኒን ነው፣ ግሊቤንክላማይድ እስከ 24 ሰዓት ይሰራል፣ ኩላሊታቸው ደከም ላለ ደሞ ከዛም ያልፋል፣ ተኝተው ሊወርድባቸው ይችላል። ወንድምሽ ነቅቶ ማደሩ ትልቅ ነገር ነው።

ከ70 በታች ሲሆን ሰዓት አይታይም። 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይ ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ (ስኳር የሌለው የሚባለውን አይደለም)፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ፣ ካልወጣ ይደገም፣ ከወጣ በኋላ ደሞ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ፣ ትን ይላቸዋል፣ በጎን አስተኝታችሁ ቶሎ ጤና ተቋም። የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ? አቴኖሎል ከሆነ ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይደብቀዋል፣ ላቡ ግን አይደበቅም፣ ላቡን ተከታተሉ።

መላ_አለኝ፦
ኪኒን ኪኒን ብላችሁ ሰው ገደላችሁ። የሽፈራው ቅጠልና አብሽ በጠዋት በባዶ ሆድ ትጠጣ፣ አጎቴ በሱ ነው ኪኒኑን የተወው

ሲስተር_ነኝ፦
@መላ_አለኝ አጎትህን ማርያም ትጠብቃቸው፣ ለክተሃቸው ታውቃለህ ግን? የሦስት ወሩን ምርመራ፣ ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የሚባለውን፣ አሰርተው ከ7 በታች ከሆነ ደስ ይለኛል። ስኳር ከፍ ብሎ ህመም ሳይሰማ ዓይንና ኩላሊት ሲጎዳ ይከርማል። እዚህች እናት ላይ ደሞ 48 ለገባች ሴት ሌላ ስኳር የሚያወርድ ነገር ጨምሩላት እያልክ ነው።

አቡ_ሰሚር፦
እኛም ቤት ረመዳን ሲመጣ ይሄው ነው እህቴ። አባቴ ደሴ ነው ያለው፣ መጀመሪያ ሰሞን ሲለካ ጾሜ ይፈርሳል ብሎ ጣቱን እንኳን አላስነካም ይል ነበር፣ ኢማሙ ናቸው ጣት መወጋት ጾም አያፈርስም ብለው የገላገሉን። አሁን ረመዳን ሳይገባ ሁለት ወር ቀድሞ ሀኪሙ ጋ ይሄዳል፣ የኪኒኑን ሰዓትም መጠንም እነሱ ያስተካክሉለታል፣ ከ70 ከወረደ ወይ ከ300 ካለፈ እንዲያፈርስም ነግረውታል። አምና ሁለት ቀን አፈረሰ፣ አኮረፈን፣ ግን አፈረሰ። እናትሽን አንቺ አትከራከሪያቸው፣ የሚሰሙትን ሰው ፈልጊ።

ትዕግስት_ከጎንደር፦
አቡ ሰሚር ያለው ልክ ነው፣ የንስሐ አባታቸውን አናግሪ። በሽተኛን ቤተክርስቲያን አታስገድድም፣ እናቶቻችን ግን ከራሳቸው ጋር ነው እልኻቸው። የኔ አያት ለብዙ ዓመት ከኢንሱሊን ጋር የኖረች ናት፣ ቤተክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ስኳር በላስቲክ ቋጥራ ነው የምትሄደው፣ እግሯ ቄጤማ ሲሆንባት ፈትታ ትቅማለች። አጠገቧ የሚቆሙት ሴቶችም ስለሚያውቁ ዝም ካለች ቀድመው ይፈቱላታል። ሌላው እግራቸውን እዪላቸው፣ ጫማ አውልቀው ብዙ ሰዓት ለሚቆም ሰው እሾህና ጠጠር ሲወጋ ላይሰማው ይችላል።

የእማዬ_ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ ራሴ ሄጄ ነበር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሲስተር አቴኖሎል ትወስዳለች! ለዛ ነው ለካ ሁሌ "ምንም አልተሰማኝም" የምትለው። ሰኞ ሀኪሙ ጋ ወሰድኳት፣ የጠዋቱን ግሊቤንክላማይድ አስቆማት፣ ሜትፎርሚኑን ከምግብ ጋር አረገላት፣ ኩላሊቷም ይታይ ብሎ ደም አሰጣት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሺ ብሏታል። የንስሐ አባቷ ጋም ሄድን፣ እኔ ገና ሳልጨርስ "እማማ፣ ከጥሉላቱ ጹሚ፣ ሰዓቱን ተዪው፣ ጠዋት ቁርስሽን ብዪ" አሏት። ዘጠኝ ዓመት የለመንኳትን በአንድ ደቂቃ! መስቀል ተሳልማ ወጣች፣ መንገድ ላይ "አንቺ ነሽ ቀድመሽ የነገርሻቸው" እያለች ተነጫነጨች፣ ግን በማግስቱ በላች፣ በሶ በጥብጣ በዳቦ። በሶው ብቻ ወይ ዳቦው ብቻ ይሁን ብያት ገና እየተደራደርን ነው።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ቀረ፣ የማሽኑ ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት ቁራጭ) አለቀ፣ ፋርማሲ ሳጠያይቅ የእሷ ማሽን ስትሪፕ የለም አሉኝ።

አቡ_ሰሚር፦
የሌላ ማሽን ስትሪፕ አይሰራም እህቴ፣ እንዳትገዢ። አዲስ ማሽን ከገዛሽ ደሞ መጀመሪያ የስትሪፑን ዋጋና ሁሌ መኖሩን ጠይቂ፣ ማሽኑን ረክሶ ታገኚዋለሽ፣ ገንዘብ የሚበላው ስትሪፑ ነው። እስኪገኝ ድረስ ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ።

የእማዬ_ልጅ፦
እሺ ወንድሜ። ትዕግስትዬ ደሞ የአያትሽን ነገር ነግሬያት ስኳር ቋጥሬላት ነበር። ትላንት ወንድሜ ቋጠሮውን ሲፈታው ባዶ፣ ደንግጦ ደወለልኝ፣ ወርዶባት ነው ብለን ስንጨነቅ ለካ ጎረቤት ቡና ላይ ስኳር አልቆ እሷ ናት ከነጠላዋ ፈትታ ለሰው የሰጠችው። አሁን ከረሜላ ነው የቋጠርንላት።