የብስኩት ማሸጊያ ጀርባ ላይ የተጻፈውን እንዴት ላንብበው? እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት፣ ክትትል ላይ ነች። ከሻይ ጋር ብስኩት ትወዳለች። ዛሬ ፒያሳ የገዛሁላትን ገልብጬ አየሁት። ፊቱ ላይ በትልቁ «ኮሌስትሮል የሌለው» ይላል። ጀርባው ላይ ግን ጉንዳን በሚያክል ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ ፓልም ዘይት፣ ግሉኮስ ሲረፕ፣ ዌይ ፓውደር፣ ጨው። ከሥሩ ሰንጠረዥ አለ። በ100 ግራም 1970 ኪሎጁል፣ ካርቦሃይድሬት 70 ግራም፣ ከዚያ ውስጥ ስኳር 22 ግራም፣ ሶዲየም 320 ሚሊግራም። ከጎኑ ደግሞ «ለ25 ግራም» የሚል አለ፣ እዚያ ስኳሩ 5.5 ነው። የቱን ልያዝ? ረቡዕና አርብም ትጾማለች፣ ይሄ የጾም ነው?

ባለሱቅ፣ ቅዳሜ ገበያ፦
የጾሙን እኔ ልመልስልሽ፣ ጾም ሲገባ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። የጾም አይደለም። ዌይ ፓውደር የደረቀ አጓት ነው፣ ያው የወተት ውጤት። ኬዚን፣ ላክቶስ፣ ሚልክ ሶሊድስ የሚሉትም እንደዚያው። «ወተት ሊኖረው ይችላል» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ ማሽን ወተት ያለበትም ስለሚመረት አለርጂ ላለበት ሰው የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ነው። በመተማ በኩል የሚገባው አንዳንዱ ዕቃ ዐረብኛ ብቻ ነው የተጻፈበት፣ የሚያነብ ሰው ሳታሳዪ አትውሰጂው። ቀኑንም እዪ። የውጭ ዕቃ ላይ ያለው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ እያሰባችሁ «ገና ብዙ ዓመት አለው» የምትሉ አላችሁ።

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦
እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። 5.5 የሚለው 25 ግራም ብቻ ከተበላ ነው። ፓኬቱ 100 ግራም ከሆነና እናትሽ ከጨረሱት 22 ግራም ስኳር በሉ ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ስለሆነ አምስት ማንኪያ ተኩል ይመጣል፣ ሻዩ ውስጥ የሚገባው ሳይቆጠር። ሁለት ብስኩት ስታወዳድሪ ሁሌም በ100 ግራም የሚለውን ያዢ፣ ምክንያቱም «ለአንድ ሰው» የሚለውን መጠን የሚወስነው አምራቹ ነው።

ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ነው፣ ብዙ የገባው ይቀድማል። ያንቺው ላይ ስኳር ሁለተኛ ነው፣ ግሉኮስ ሲረፕም ስኳር ነው። ዴክስትሮስ፣ ሱክሮስ፣ ፍሩክቶስ የሚሉትም ስኳር ናቸው። አምራቹ በተለያየ ስም ሲከፋፍለው እያንዳንዱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሲደመር ግን ብዙ ነው።

«ኮሌስትሮል የሌለው» የሚለው እውነት ነው ግን ምንም አይነግርሽም፣ ከዕፅዋት የተሠራ ዘይት ድሮም ኮሌስትሮል አይቆጠርለትም። ፓልም ማለት ያው የሚረጋው ዘይት ነው፣ ግማሽ ያህሉ ልብ የሚጎዳው ዓይነት ስብ ነው። 1970 ኪሎጁሉ አያስደንግጥሽ፣ ለ4.2 ስታካፍዪው ወደ 470 ኪሎካሎሪ ነው።

ነርስ፣ ማራኪ፦
ለግፊቱ፦ ሶዲየሙን በ2.5 አባዢው። 320 ሚሊግራም ሶዲየም 0.8 ግራም ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ብስኩቱ ብቻውን ብዙ ላይመስል ይችላል፣ ወጡ ላይ ያለው ሲጨመር ነው የሚከብደው። ማጣፈጫ ኩብ ቤታችሁ ካለ ጀርባውን አንብቢው፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የተጻፈው ጨው ነው።

ለስኳሩ ደግሞ «ስኳር» የሚለውን መስመር ብቻ አትዪ። ዱቄቱም ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ነው የሚለወጠው፣ ስለዚህ 70 የሚለው ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ነው የሚበልጥብሽ። አንድ ነገር ግን አደራ። እናታችን ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ፣ ሲጾሙ ስኳራቸው ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ከመጾማቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ግራ ከተጋቡና መዋጥ የሚችሉ ከሆነ፣ ጾም ነው ሳትዪ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ወዲያው ስጫቸው። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አትስጪ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጪ።

የአራዳ ልጅ፦
ብስኩቱን ተዉትና ቆሎ ስጧቸው፣ ምን ያጨቃጭቃል!

ነርስ፣ ማራኪ፦
ቆሎ ጥሩ ነው፣ ስኳር አልተጨመረበትም፣ አሰሩም ብዙ ነው። ግን ገብስም ካርቦሃይድሬት ነው፣ በጭብጥ እንጂ በሳህን አይሁን። ሽምብራ ቢቀላቀልበት ደግሞ ይሻላል።

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። መድኃኒቷን አሁን አየሁት፣ ግሊቤንክላማይድ ነው፣ ለቀጠሮዋ ቀን እጠይቃለሁ። «ስኳር ያልተጨመረበት» የሚል ጁስም አለን፣ እሱስ?

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦
አልተጨመረበትም ማለት የለውም ማለት አይደለም፣ የፍሬው ስኳር አለ። ሰንጠረዡ ላይ በ100 ሚሊሊትር ስንት እንደሚል እዪና በምትጠጣው ልክ አባዢው። ብርቱካኑን እንዳለ ብትበላው ይሻላል።