የፍራፍሬ ዝንብ ስብ የእንቁልጢን ስቴም ሴሎች የሚቆጣጠረው በምን መንገድ ነው?

ጥያቄ
የሥነ ሕይወት ተማሪ ነኝ፤ የሴሚናር ርዕሴ በድሮሶፊላ (የፍራፍሬ ዝንብ) እንቁልጢ ውስጥ የሚገኙት ስቴም ሴሎች፣ ማለትም እየተከፋፈሉ ራሳቸውንም እንቁላል የሚሆኑትንም ሕዋሳት የሚተኩት ሕዋሳት ናቸው። እንስቷ ዝንብ እርሾ የበዛበት ምግብ ስታገኝ እንቁላል የምታመርትበት ፍጥነት ፕሮቲን ካጠራት ዝንብ በ60 እጥፍ ሊበልጥ እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ድራመንድ-ባርቦሳና ስፕራድሊንግ እ.ኤ.አ. በ2001 አሳይተዋል። ያልገባኝ የስቡ ድርሻ ነው። ምግብ ሲያንስ ጉልበት ስለሚያንስ ነው ቢባል አይበቃም?

መልስ
አይበቃም፤ ለምን እንደማይበቃ የሚያሳየው ሙከራው የተሠራበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የእነ አርምስትሮንግ ጥናት የዝንቧን ምግብ አልነካም፤ የቀነሰው በስብ ሕዋሶቿ ውስጥ ብቻ አሚኖ አሲድ የሚያስገቡትን ፕሮቲኖች ነው። ቅነሳው የተጀመረውም ዝንቧ ከጎለመሰች በኋላ ስለሆነ ችግሩን በእጭነት ጊዜ ከደረሰ የዕድገት ጉድለት ጋር ማያያዝ አይቻልም። እንዲህ ሆኖ፣ ዝንቧ እንደ ወትሮዋ እየበላች፣ የእንቁልጢዋም ጂኖች ሳይነኩ፣ ስቴም ሴሎቿ ተመናመኑ። ይበልጥ የሚደንቀው አንዱ የስብ ሕዋስ እጥረቱን በሁለት መንገድ መለየቱ ነው፦ ጂሲኤን2 የተባለው ፕሮቲን የሚመራው መንገድ የስቴም ሴሎቹን መቆየት ሲነካ፣ ቶር የተባለው ደግሞ የበሰለው እንቁላል ከእንቁልጢ መውጣቱን ይነካል። ጉዳዩ የጉልበት ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውጤቶቹ እንዲህ ባልተነጣጠሉ ነበር።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ታዲያ ከስቡ ተነሥቶ እንቁልጢ የሚደርሰው መልእክት ምንድን ነው? ሆርሞን ነው?

ሌላ መልስ
መልእክቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ እኔ በሴሚናርዎ እንዲያቀርቡት የምመክረው ግን ኮላጅን 4 የተባለውን፣ ሕዋሳትን ከውጭ የሚደግፍ ፕሮቲን ነው። በእያንዳንዱ የእንቁላል ቱቦ ጫፍ ሁለት ወይም ሦስት ስቴም ሴሎች አሉ፤ እነሱም ኢ-ካድሄሪን በተባለ ፕሮቲን አማካይነት በቱቦው ጫፍ ካሉት ጎረቤቶቻቸው፣ ቆብ ሕዋሳት ከሚባሉት ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ። ዊቨርና ድራመንድ-ባርቦሳ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ የስብ ሕዋሳት የሚሠሩት ኮላጅን 4 እስከ እንቁልጢ ተጉዞ እዚያው ካለው መዋቅር ጋር ይዋሐዳል፤ ሕዋስን በዙሪያው ካለው መዋቅር ጋር በሚያያይዘው ኢንቴግሪን በተባለ ፕሮቲን በኩልም የኢ-ካድሄሪን መጠን እንዳይዛባ በማድረግ የስቴም ሴሎቹን ቁጥር ይጠብቃል። እንግዲህ ስቡ የሚልከው ምልክት ብቻ ሳይሆን የመኖሪያው ግንብ ራሱ ጭምር ነው።

ተጨማሪ አስተያየት
አንድ ነገር እንዳይምታታ እሰጋለሁ። የዝንብ የስብ ሕብረ ሕዋስ እኛ ዘንድ ጉበት የሚሠራውን ብዙ ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ የእንቁላል አስኳል ፕሮቲንም ያመነጫል። ስለዚህ ውጤቱን በቀጥታ ወደ ሰው ስብ መገልበጥ አይገባም። የአስኳል እጥረት የሚታየውም እንቁላሉ ከስቴም ሴሉ ርቆ ብዙ ደረጃ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ጥናት ቀነሰ የሚለው የእንቁላል ብዛት ይሁን ወይስ የስቴም ሴሎቹ ቁጥር፣ ሥዕሎቹን ሲያዩ አስቀድመው ይለዩ።