ሳቅም አክሽንም ያለው የስለላ ፊልም ለሚፈልጉ

ከሥራ መልስ አእምሮውን ማሳረፍ ለሚሻ ሰው በቅድሚያ የምጠቁመው እ.ኤ.አ. በ2015 በፖል ፊግ ዳይሬክተርነት የተሠራውን «ስፓይ» ነው። በሜሊሳ ማካርቲ የምትተወነው ሱዛን ኩፐር በሲአይኤ ምድር ቤት ተቀምጣ የመስክ ሰላዩን በድምፅ የምትመራ ሠራተኛ ስትሆን፣ የባልደረቦቿ ማንነት በጠላት እጅ ሲገባ ማንም የማያውቃት እርሷ ትላካለች። ፊልሙን ከመሰሎቹ የሚያስበልጠው ሱዛን ሞኝ አለመሆኗ ነው። የምንስቀው በእርሷ ድክመት ሳይሆን ችሎታዋን ሳያዩ በሚንቋት ሰዎች ነው፤ ስለዚህ ሳቁ ከእርሷ ጋር ያወዳጀናል። በቡዳፔስቱ ወጥ ቤት ውስጥ የምታደርገው ድብድብም በጥንቃቄ የተቀናበረ በመሆኑ፣ ተመልካቹ እየሳቀ ሳለ ከልቡ ይሰጋላታል። ጄሰን ስታተም በሌሎች ፊልሞቹ የለመድነውን ኮስታራ ፊቱን ሳይፈታ የማይታመን ጀብዱውን ሲዘረዝር መስማት ብቻውን ፊልሙን ለማየት በቂ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ስድብ ስለሚበዛበት ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም።

ቤተሰብ ለተሰበሰበበት ምሽት የ2003ቱ «ጆኒ ኢንግሊሽ» ይሻላል። በአገራችን ሚስተር ቢን በመባል የሚታወቀው ሮዋን አትኪንሰን አብዛኛውን ቀልድ በፊቱና በሰውነቱ ስለሚያደርሰው፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ አያቶችም ሳይቸገሩ ይከተሉታል። የሌቦች መኪና መስሎት የቀብር መኪና ተከትሎ ሄዶ ለቀስተኞቹን ሲወነጅል የሚታይበት ትዕይንት፣ የለቅሶን ክብር ለምናውቅ ለእኛ እጥፍ ድርብ ያስቃል። ድብድቡ ግን ከ«ስፓይ» ጋር አይወዳደርም።

አክሽኑ እንዲያይል የሚፈልግ ሰው የጄምስ ካሜሮንን የ1994 ሥራ «ትሩ ላይስ»ን ይመልከት። አርኖልድ ሽዋርዝኔገር ሰላይነቱን ከሚስቱ ደብቆ የኮምፒውተር ሻጭ ነኝ እያለ ይኖራል፤ የፊልሙም ጣዕም ከፍንዳታው ይልቅ ውሸቱ ትዳሩ ውስጥ በሚፈጥረው ውጥረት ላይ ነው። ሚስቱን ሆና የምትተውነው ጄሚ ሊ ከርቲስም ከማንም በላይ ደምቃበታለች። ዐረቦችን የሳለበት መንገድ ግን ጭፍን በመሆኑ፣ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

«ኪንግስማን» በለንደን የልብስ ስፌት ቤት የተሸሸገ የስለላ ድርጅትን በጥሩ ፈጠራ ያሳያል፤ ነገር ግን ደም ስለሚበዛበት ቀለል ያለ መዝናኛ ለሚሻ ሰው አልጠቁመውም። አንድ ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው «ስፓይ»ን ይምረጥ።