ዲሲ መሀል ከተማ ብስክሌት የምትነዱ፣ በየት በኩል ነው የምትሄዱት?

የጣና ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔትዎርዝ የሚባለው ሰፈር ነው። የምሠራው ደግሞ መሀል ከተማ፣ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ። ሺፍቴ የሚያልቀው ሜትሮ ባቡሩ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። ሐሙስ ዕለት በ14ኛ መንገድ የብስክሌት መስመሩን ይዤ ስወርድ፣ ዳር ቆሞ ከነበረ መኪና አንዱ በሩን ብርግድ አድርጎ ከፈተብኝ። ተፈናጥሬ አስፋልቱ መሀል ወደቅሁ። ከኋላዬ አውቶቡስ ቢኖር ኖሮ አብቅቶልኝ ነበር። ሰውየው 60 ዶላር ሰጥቶኝ ሄደ። አሁን ትከሻዬ አልነሳ ብሏል፣ የፊት ጎማውም ተጣሟል። የመኖሪያ ወረቀቴ በሂደት ላይ ነው፣ ያለኝ የሥራ ፈቃድ ብቻ ነው። ሁለት ነገር ንገሩኝ። ፖሊስ ጋ ሄጄ ባስመዘግብ ጣጣ ያመጣብኛል? ከዚህ በኋላስ በየት በኩል ብሄድ ይሻላል?

እህተ ዲሲ፦
እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ ወንድሜ። መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። ትከሻ ቀልድ አይደለም። ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ዲሲ ውስጥ ሰው መምጣቱን ሳያዩ የመኪና በር መክፈት ክልክል ነው። ድሮ እዚህ ትንሽ ጥፋት እንኳ ከተገኘብህ ካሳ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ በመቶም ብትሆን። በ2016 ሕጉ ተቀየረ። አሁን እግረኛ ወይም ብስክሌት ነጂ ከሆንክ፣ ጥፋትህ ከሌላው ወገን እስካልበለጠ ድረስ መጠየቅ ትችላለህ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን እስካሁን በድሮው ናቸው። ኢስተርን አቬኑን ተሻግረህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብትወድቅ ሌላ ታሪክ ነበር። ታርጋውን ይዘሃል?

የጣና ልጅ፦
አልያዝኩም። ነጭ መኪና ነው።

እህተ ዲሲ፦
በነጭ መኪና እንግዲህ የዲሲን ሕዝብ ግማሹን መክሰስ ነው። የወደቅህበት ፊት ለፊት ያሉ ሱቆች ካሜራ ካላቸው ዛሬውኑ ሄደህ ጠይቅ፤ ቅጂው ቶሎ ይጠፋል። ስለ ወረቀትህና ስለ ፖሊስ ግን እዚህ ማንም የሚነግርህን አትስማ፣ እኔን ጨምሮ። ጉዳይህን የያዘውን ጠበቃ ጠይቅ።

ባለ ሁለት ጎማ፦
መንገዱን እኔ ልንገርህ። 14ኛን ተወው። እዚያ መስመሩን ከመኪናው የሚለየው አስፋልቱ ላይ የተቀባ ቀለም ብቻ ነው። ኡበሩም፣ ምግብ አድራሹም፣ የቢራ ጭነቱም የሚቆመው እሱ ላይ ነው። አንተ እነሱን ለማለፍ ወደ መኪናው መሀል ትወጣለህ። ከፔትዎርዝ በ11ኛ ውረድ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ስትደርስ ወደ 15ኛ ተሻገር። የ15ኛው መስመር ከመኪናው የተለየ ነው። በአንተና በሚሄደው መኪና መሀል የቆሙ መኪኖች አሉ፣ እስከ ኋይት ሀውስ አጠገብ ያደርስሃል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። በዚያ መስመር ላይ ብስክሌት በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚሄደው። መስቀለኛው ላይ የሚታጠፍ ሾፌር ደግሞ ከመኪናው በተቃራኒ የሚመጣ ሰው አለ ብሎ አያስብም። አረንጓዴ ቢበራልህም ዓይኑን እስክታየው አትግባ።

ቀለም ብቻ ባለበት መንገድ ላይ ከቆሙት መኪኖች የአንድ በር ስፋት ራቅ በል። ከኋላ ክላክስ ቢያደርጉ ያድርጉ። ፈርተህ ደግሞ እግረኛ መንገድ ላይ እንዳትወጣ፣ መሀል ከተማ ክልክል ነው። ኤች ስትሪት ከሄድክ የትራሙን ሐዲድ ቀጥ ብለህ አቋርጠው፤ ሰያፍ ከገባህ ጎማህን ይውጠዋል። ማታ ዳገቱ ከከበደህ አውቶቡስ ፊት ለፊት ላይ ብስክሌት መጫኛ አለ፣ ሹፌሩን አሳይተህ ራስህ ትሰቅላለህ።

የድሮ ታክሲ፦
ልጄ፣ እግዜር ይማርህ። እኔ ዲሲ ታክሲ የያዝኩት ሂሳብ የሚቆጥረው ሜትር ሳይገባ፣ ዋጋው በዞን በሚታሰብበት ጊዜ ነው። ሜትሩ የመጣው በ2008 ነው። እና አንድ ነገር ልበል። ይኼ የብስክሌት መስመር የሚሉት እኛን እንጀራ እያሳጣን ነው። ከዘራ የያዙ አሮጊት የት ላውርዳቸው? መስመሩ ላይ ለአንድ ደቂቃ ቆሜ 150 ዶላር ቲኬት! የቀኑ ገቢዬ ሄደ። ብስክሌተኛው ደግሞ ቀይ መብራቱን ጥሶ እየሳቀ ያልፋል። እሱን ማን ይቅጣው?

ባለ ሁለት ጎማ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ አሮጊቷን ለማውረድ አንድ ደቂቃ ሲቆሙ ከኋላ የሚመጣው ልጅ አውቶቡስ ስር ነው የሚገባው። ማቆሚያ የሚወስደው እኮ ከተማው ነው፣ ብስክሌተኛው አይደለም። ስቶፕ ምልክት ላይ ደግሞ ሰው ከሌለ ቀስ ብሎ ማለፍ ከ2022ቱ ሕግ ወዲህ ለብስክሌት ተፈቅዷል። ቀይ የሚጥሰውን እኔም አልደግፍም።

ናፍቆት፦
እናንተ ስለ ቲኬት ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኔ «የጣና ልጅ» የሚለውን ሳይ ሆዴ ባባ። ባህር ዳር እኮ ሁላችንም በብስክሌት ነው ያደግነው። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ዳቦ የሚያመላልሰው ልጅ። ዘንባባው ስር ከኋላ ጓደኛ ጭነን ወደ ሐይቁ ስንወርድ ሄልሜት የሚባል አናውቅም። አሁን አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፣ የእህቴ ልጅ ቪዲዮ ልኮልኝ ነበር። ቪዲዮውን ተከትሎ የብስክሌት መግዣ ጠየቀኝ።

የጣና ልጅ፦
የእኔ ወንድም ደግሞ ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ላክ እያለኝ ነው። አሁን ትከሻዬን ይዤ ሁለት ሺፍት ቀረሁ ብለው አያምንም። እማዬማ መኪና የምነዳ ነው የሚመስላት። «ቀስ ብለህ ንዳ» ትለኛለች በስልክ።

ናፍቆት፦
ብትነግራት ይሻላል። ከሰው ከምትሰማ።

የድሮ ታክሲ፦
አትንገር! እናት ምን ታደርግልሃለች? ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ታድራለች እንጂ።

እህተ ዲሲ፦
ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር አንድ ጉዳይ አለኝ። ፔንሲልቬንያ አቬኑ ላይ የብስክሌቱ መስመር መሀል መንገድ ላይ ነው ያለው። ተሳፋሪ ከወዲያ ማዶ እጁን ሲያወጣ፣ መስመሩን ሰንጥቆ የሚዞረው ማን ነው? ክልክል ነው እኮ።

የድሮ ታክሲ፦
እና ሁሉም ታክሲ እኔ ነኝ እንዴ? ኡበሩን ለምን አትጠይቂም?

እህተ ዲሲ፦
ኡበሩንም እጠይቃለሁ። ባሌ ነው የሚነዳው።

ባለ ሁለት ጎማ፦
ሃሃሃ። የጣና ልጅ፣ ጎማውን እሁድ ይዘህልኝ ና፣ አብረን እናቃናዋለን። አድራሻውን በውስጥ እልክልሃለሁ።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ አላነበብኩም። የባጃጁ ቅድሚያ ክፍያ ስንት ነው አላችሁ?