በሐይቅ ዳር የመዝናኛ ከተማ ዓመቱን ሙሉ የምትኖሩ፣ እስቲ ምከሩኝ

በተራሮች መሃል፣ ሐይቅ ዳር ባለች የመዝናኛ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። ለእረፍት መጥቼ ነው በዚያው የቀረሁት። ያኔ መንገዱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። አሁን ግማሹ ቤት ተዘግቶ ከተማዋ ጭር ብላለች። እሱስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ።

ያስቸገረኝ ቤቱ ነው። ለሞቃት ወራት ብቻ ታስቦ ስለተሠራ የውኃ መስመሩ ከወለሉ ሥር እርቃኑን ተዘርግቷል። በብርዱ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል፤ ውኃ ደግሞ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ቧንቧ ፈነዳና ወጥ ቤቱ በውኃ ተጥለቀለቀ። አሁን ውኃው በረዶ እንዳይሆን ማታ ማታ ቧንቧውን በትንሹ ከፍቼ እያንጠባጠበ ያድራል (ጠብታውን ስሰማ እንቅልፍ የለኝም)። ይህ ብቻ ይበቃል? ወይስ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ገመድ ልጠምጥምበት? ለጥቂት ቀናት ስወጣስ ዋናውን የውኃ መዝጊያ ዘግቼ መስመሩን ባዶ ላድርገው?

ሌላው ኪራዩ ነው። አከራዬ እንግዳ መምጣት ሲጀምር ቤቱን በቀን ሒሳብ ሊያከራየው ስለፈለገ ልቀቅ ብሎኛል። የዓመት ውል ያገኛችሁ ሰዎች ባለቤቶቹን ምን ብላችሁ አሳመናችኋቸው? መፈለግ የሚሻለውስ መቼ ነው፣ አሁን ጭር ባለበት ወይስ ወቅቱ ሲያበቃ?