ጭርት ነው የተባለው ሶሪያሲስ ሆነ፤ ልጄን አቅፌ ልተኛ?

ጠያቂው (አዘዞ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ34 ዓመት አናጺ ነኝ። በክርኖቼና በጉልበቶቼ ላይ ወፈር ያለ፣ ነጭ ቅርፊት የሚያራግፍ ነገር ከወጣብኝ ሁለት ዓመት ሆነ። «ጭርት ነው» ተብዬ ሦስት ዓይነት ቅባት ጨረስሁ። አምና ለሥራ መተማ ወርጄ ወባ ያዘኝ፤ ክሎሮኪን ከዋጥሁ በኋላ ወደ ጀርባዬ ተዛመተ። ባለፈው ሳምንት የቆዳ ሐኪም «ሶሪያሲስ ነው፤ ጨርሶ ባይለቅህም እንቆጣጠረዋለን» ብሎ ሌላ ቅባት አዘዘልኝ። ወረፋው ረጅም ስለነበረ ብዙ አልጠየቅሁም። ባለቤቴ የ2 ዓመት ልጃችንን ከጎኔ አንሥታ ወስዳለች። ይተላለፋል? እናቴ ደግሞ ጸበል ትለኛለች፤ ከቅባቱ ጋር ይጋጫል?

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ አይተላለፍም። በመተቃቀፍም፣ በአንድ ፎጣም፣ ከአንድ ትሪ በመብላትም። የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ ቆዳው ላይ ሲነሣ የሚመጣ ሕመም ነው። ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ በሶሪያሲስ ግን በጥቂት ቀናት ይቸኩልና ያልበሰለው እየተደራረበ ቅርፊት ይሆናል። የጭርት ቅባቱ ያልሠራልህም የሚገድለው ፈንገስ ስላላገኘ ነው። በዘር የመውረስ ዝንባሌ አለው፤ ስለዚህ ልጅህ ወደፊት ሊይዘው ይችል ይሆናል፣ ከጎንህ በመተኛቱ ግን አይደለም። ክሎሮኪን ሶሪያሲስን ሊያባብስ እንደሚችል የታወቀ ነው። ወባ ከያዘህ ሳትታከም አትቅር፤ ሕመምህን ግን አስቀድመህ ንገራቸው።

«15 ዓመት አብሬው»፦
እኔ ጥቁር ቀሚስ ከተውሁ ቆየሁ፤ ትከሻዬ ላይ ዱቄት የተነፋብኝ እመስላለሁ። ገላዬን ታጥቤ ቆዳዬ እንደ ረጠበ ቫዝሊን እቀባለሁ፤ ከውዱ ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ርካሹ ነው። ቅርፊቱን አትፋቅ። ቆዳ በተጫረበት ቦታ አዲስ ይወጣል፤ ሹሩባ አጥብቄ ተሠርቼ ግንባሬ ዳር የወጣብኝን አልረሳውም። አንተም ስትሠራ ከጉልበትህ ሥር ጨርቅ አንጥፍ።

አባት ከቀሃ፦
ልጄ፣ ጸበሉንም ተጠመቅ፣ ቅባቱንም ተቀባ። እኔን የሚያሳስበኝ መርፌው ነው። የእኅቴ ልጅ አንድ ቦታ ተወጋና በሳምንቱ ቆዳው ጠራ፤ ተአምር ነው አልን። መርፌው ሲቋረጥ ከራሱ እስከ እግሩ ፈነዳበት።

ፋርማሲስቱ፦
አባቴ፣ የነገሩን መርፌ ኮርቲሶን የሚባለው የቆዳ ቁጣ ማብረጃ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም፤ በድንገት ሲቋረጥ እንዲህ ያደርጋል። ወንድሜ፣ የአንተም ቅባት የኮርቲሶን ከሆነ ሐኪሙ ካዘዘልህ ቀንና ቦታ አትለፍ፤ ቆዳ ያሳሳል። ምናልባት ሜቶትሬክሴት የሚባለው የሶሪያሲስ ክኒን ከታዘዘልህ ደግሞ አደራ፦ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የወሰደ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። አንድ ልጠይቅህ፤ ጠዋት ጣቶችህ አልታጠፍ ይሉሃል? ጥፍርህ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ነጠብጣብ አለ? ሶሪያሲስ መገጣጠሚያንም ያጠቃል፤ ቆይቶ ከታወቀ አጥንት ያበላሻል።

ጠያቂው (አዘዞ)፦
አሁን አየሁት፤ አምስት ጥፍሮቼ ላይ አለ። የጠዋቱን የጣት ድርቀት የመዶሻው ነው ብዬ ትቼው ነበር። ማክሰኞ ተመልሼ ይህንኑ አሳያለሁ። የነርሷን መልስ ለባለቤቴ አነበብሁላት። ይህን ስጽፍ ልጁ አጠገቤ ተኝቷል፤ እግሩን ጎድኔ ላይ ጭኖ።