የጤና ጣቢያ ቦርድ ወንበር ለማን ይገባል? ለታካሚው ወይስ ለሹሙ?

አባወራ ከማራኪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ እዚህ ጎንደር በየጤና ጣቢያችን ያለው የሥራ አመራር ቦርድ አብላጫው ወንበር ለተጠቃሚው ይሰጥ ወይስ አሁን እንዳለው በሹማምንት ይመራ? እኔ ለተጠቃሚው ይሰጥ ባይ ነኝ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ባለቤቴን ምጥ ይዟት ሌሊት ጤና ጣቢያ ገባን። የትኛው እንደሆነ አልጠራም። አዋላጆቹ እጃቸው ይባረክ፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ቧንቧው ግን ደረቅ ነበር። ከወንድሜ ጋር በባጃጅ አራት ጀሪካን ውሃ ከሰፈር አመላለስን። ሲነጋ ግቢውን ሳይ አጥሩ አዲስ፣ በሩ አዲስ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም። በምን ገንዘብ ተሠራ ብዬ ብጠይቅ «በውስጥ ገቢ ነው፣ ቦርዱ አጽድቆት» አሉኝ። የውስጥ ገቢ ማለት እኮ እኛው ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት የከፈልነው ነው። እዚያ ቦርድ ላይ በጀሪካን ውሃ የወለደች አንዲት እናት ተቀምጣ ቢሆን አጥሩ ይቀድም ነበር?

የሂሳብ ሰው፦
ወንድሜ፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ። በሐሳብህ ግን አልስማማም። ለሌሎችም እንዲገባ ሥርዓቱን ባጭሩ ልበል። ድሮ ጤና ተቋም የሰበሰበውን ሳንቲም ሁሉ ለመንግሥት ካዝና ፈሰስ ያደርግ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ከወጣና ክልሎች ሕግ ካወጡ በኋላ ነው ገቢው እዚያው ቀርቶ ለጥራት ማሻሻያ እንዲውል የተፈቀደው። አጠቃቀሙን ቦርዱ ያጸድቃል። ሰብሳቢው ከአስተዳደሩ ነው፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ፀሐፊ ነው፣ ከማህበረሰቡም ተወካይ አለ።

ሰብሳቢው ሹም መሆኑ ጥቅም አለው። የጤና ጣቢያ መሬት ሲገፋ፣ መብራት ሲቆረጥ፣ የበጀት ስብሰባ ሲመጣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። የሰፈር ሽማግሌ ደውሎ ማን ያነሳለታል?

ሲስተር (አዋላጅ)፦
ለሁለታችሁም ትንሽ ላስቸግር። አሥራ አንድ ዓመት ያዋለድኩ ነኝ።

አባወራው ስለ ውሃው ያልከው እውነት ነው። ግን ችግሩ ውሃ ለመጠጣት ወይም እናትን ለማጠብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የተጠቀምንበትን መቀስና መቆንጠጫ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ እናጥባለን፣ ከዚያ ነው ማምከኛው ውስጥ የሚገባው። ውሃ ከሌለ ይህ ሰንሰለት ገና ከጅምሩ ይበጠሳል። ኦክሲቶሲን የሚባለው ደም እንዳይፈሳት የምንሰጣት መርፌም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ እኔ የማስበው ስለ አጥር አይደለም።

አሁን ደግሞ ማንም የማያነሳውን ልንገራችሁ። ወሊድ በነፃ ነው። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ እነዚህም በነፃ ናቸው። እንዲያ መሆኑ ትክክል ነው፣ እናት በገንዘብ እጦት ቤቷ መሞት የለባትም። ነገር ግን በቦርዱ ሪፖርት ላይ የእኔ ክፍል ገቢ የማያስገባ ክፍል ነው። ላቦራቶሪው ገቢ ያስገባል፣ ካርድ ክፍሉ ያስገባል። ገንዘቡ ሲከፋፈል ሰው ዓይኑ ገቢ ወደሚያመጣው ይሄዳል። ሰብሳቢው ሹም ሆነ ሽማግሌ ይህ አይለወጥም። እና የወንበር ክርክሩ ብዙም አላረካኝም።

እትዬ ከቅዳሜ ገበያ፦
ልጆቼ እኔ ደግሞ ከውሃው በፊት መድኃኒት እላለሁ። የጤና መድህን አባል ነኝ፣ መዋጮዬን በሰዓቱ እከፍላለሁ። ስኳር አለብኝ። ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ፣ ሐኪሙ ያየኛል፣ ኪኒኑን ይጽፍልኛል፣ መስኮቱ ጋ ስደርስ «የለም፣ ከውጭ ግዢ» እባላለሁ። ከውጭ ልገዛ ከሆነ ምኑን መድህን ሆነ? የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ገዛን ብላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፣ ኪኒኔን ግን አይተካልኝም። ያ ቦርድ የምትሉት እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። መኖሩንም ዛሬ እዚህ ነው የሰማሁት።

የሂሳብ ሰው፦
እትዬ፣ እውነትዎን ነው። የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ ፎገራ ነበረች፣ እዚህ ጎረቤታችን። ያኔም ዛሬም ሰውን አባል ለማድረግም ሆነ ለማቆየት ዋናው ነገር መድኃኒት መኖሩ ነው። ግን መድኃኒት የሚጠፋው ቦርዱ ስላልፈለገ ብቻ አይደለም፤ አቅራቢው ጋ የሌለበት ጊዜ አለ።

ሲስተር (አዋላጅ)፦
እሱ አለ። ደግሞም መጋዘን እያለ በጊዜ ስላልተጠየቀ የሚጠፋም አለ። ሁለቱን አታቀላቅሉብን። አንደኛው የአገር ችግር ነው፣ ሁለተኛው የቤታችን።

ጋሽ ሳኒታሪያን፦
ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ልጅ። ስለ ኮሌጁ አመሠራረት ብናገር የስብሰባ ንግግር አይምሰላችሁ፤ ለጥያቄው መልስ ያለው እዚያ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በ1953 ደምቢያ ሜዳ ላይ ወባ ገብቶ ወደ 7,000 ሰው ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ በእኛ 1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያሠለጠነው ሦስት ዓይነት ሰው ነው፦ ጤና መኮንን፣ የማህበረሰብ ነርስ፣ ሳኒታሪያን። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ቤት ለቤት እናትና ሕፃን ታያለች፣ አንዱ ምንጭ ይጠብቃል፣ መፀዳጃ ያስቆፍራል። ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው ነው የሚወጡት። ጤና ማለት ግቢ ውስጥ ያለ ሕንፃ አልነበረም።

ዛሬ የምትከራከሩበት ቦርድ ግን ዓይኑ ከአጥሩ አይዘልም። አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ያህል ሰው ነው የታሰበው። እነዚያ 40,000 ሰዎች ካርድ የሚያወጡት ከታመሙ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የቀሃን ወንዝ ማን ያያል? የሰፈሩን የቱቦ ፍሳሽ? በጥምቀት እንግዳ ሲጎርፍ የመጠጥ ውሃውንና መፀዳጃውን? በ2015 ዓ.ም. ቋራ በርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ላይ ኮሌራ የተነሳው ሰው በአንድ ቦታ ተጨናንቆ ንጹሕ ውሃና መፀዳጃ ስላልበቃው ነው። እንዲህ ያለ በሽታ አንዴ ከመጣ ኪኒንም ሮቶም ተፈልጎ አይበቃም። እትዬ ኪኒናቸውን ይፈልጋሉ፣ ልክ ናቸው። አባወራው ውሃ ይፈልጋል፣ ልክ ነው። እኔ ከቦርዱ የምፈልገው በየስብሰባው አንድ አጀንዳ ከአጥር ውጪ እንዲሆን ነው።

አባወራ ከማራኪ፦
ጋሼ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ግን ሹሙ ከአጥር ውጪ ያለውንም ሥራ ይመራል አይደል? ታዲያ ለምን አላየውም?

የሕዝብ ጤና ተማሪ፦
እኔ ወደ ወንበሩ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚከብደኝ ክርክር የሂሳብ ሰው ያነሱት ነው። ገቢው ከመንግሥት በጀት በላይ ተጨማሪ እንዲሆን ነው የታሰበው፣ ምትክ እንዲሆን አይደለም። ጤና ጣቢያው ብዙ ሰበሰበ ተብሎ በጀቱ ቢቀነስበት ማን ይጮህለታል? ሰብሳቢው ራሱ በጀት የሚደለድለው ወገን ከሆነ በአንድ እጁ ይቀንሳል፣ በሌላው እጁ በውስጥ ገቢ ሸፍኑት ብሎ ያጸድቃል። ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል ብለዋል። የሚደወልለትም እሱ ከሆነ ግን ማን ለማን ይደውላል?

ቢሆንም ለአባወራውም ስጋት አለኝ። ምርጫ ይሁን ብንል የሚመረጠው ያው በየስብሰባው ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ወንድ፣ የዕድር ዳኛ፣ አንደበተ ርቱዕ። በጀሪካን ውሃ የወለደችው እናት አትመረጥም። ስለዚህ ለተጠቃሚ ከሚሰጠው ወንበር ሁለቱ በዚያ ዓመት እዚያው ከወለዱ እናቶች በዕጣ ይሁን እላለሁ። ዕቁብ በዕጣ ይወጣል፣ ማንም አላኮረፈም።

ሲስተር (አዋላጅ)፦
ዕጣው ያስኬዳል። ግን አራስ ሴት ማክሰኞ በአራት ሰዓት ስብሰባ አትመጣም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ካደረጋችሁት ሕፃኗን አዝላ ትመጣለች። ይህ ቀላል ነገር አይምሰልህ ወንድሜ፣ የስብሰባ ሰዓት ነው ማን እንደሚናገር የሚወስነው።

የቀድሞ የቦርድ አባል፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ የማህበረሰብ ተወካይ ሆኜ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። የት እንደሆነ ይቅር።

እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ጠዋት ይደወልልኛል፣ ከሰዓት ስብሰባ ነው። ዕቅዱ የሚታደለን በር ላይ ነው። ስንት ገጽ እንደሆነ እንኳ ሳልቆጥረው ይነበባል፣ በፍጥነት፣ በመቶኛ። «አስተያየት?» ይባላል። አንዱ ያመሰግናል። ቃለ ጉባኤው ላይ እንፈርማለን፣ አበል እንቀበላለን፣ እንሄዳለን። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ኃላፊው ቅን ሰው ነበር፣ እስከ ማታ ይሠራል። ግን በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ ወር የትኞቹ መድኃኒቶች ስንት ቀን ጠፉ ብዬ መጠየቅ እንደምችል የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ማዋለጃው ስንት ቀን ውሃ አጣ ብዬም አልጠየቅኩም። የጎረቤቴ ልጅ እዚያ ወልዳ እኔ በሩ ላይ አግኝቻት እንኳን ማርያም ማረችሽ ብያት ገብቻለሁ፤ በምን ውሃ ታጠብሽ አላልኳትም። ዛሬ ይህን ሳነብ እሱ ነው የከነከነኝ።

ስለዚህ አባወራ፣ አብላጫ ወንበር ብትሰጡን ኖሮ እኛ አብላጫ ሆነን እንፈርም ነበር። ወንበሩ ብቻ አይበቃም። ወረቀቱ ከሳምንት በፊት ይድረስ። በመቶኛ ሳይሆን በቀን ይጻፍ፦ ውሃ ያልነበረበት ቀን፣ የስኳር ኪኒን ያልነበረበት ቀን፣ ፍሪጁ የጠፋበት ቀን። ይህን ማንበብ የማይችል ተወካይ የለም። ማንበብ የማይችልም ቢሆን ይነበብለትና ይገባዋል።

የሂሳብ ሰው፦
ይህ ተገቢ ነው። እኔም አንድ ልጨምር፤ ውሳኔውና ወጪው በአንድ ገጽ ተጽፎ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ። ሪፖርት ለበላይ አካል ስናዘጋጅ ኖረናል፣ ለከፋዩ አዘጋጅተን አናውቅም። ሰብሳቢው ግን ሹም ይሁን በሚለው እንደጸናሁ ነኝ።

የሕዝብ ጤና ተማሪ፦
እኔ ደግሞ በጀት ደልዳዩ ሰብሳቢ አይሁን በሚለው።

አባወራ ከማራኪ፦
እኔ ከአብላጫው ወደ እኩል ወርጃለሁ። የቀድሞው አባል ያሉት አሳምኖኛል። ነገር ግን ሁለቱን የእናቶች ወንበር አልለቅም፣ በእሁድ ስብሰባውም አልደራደርም። የጋሼ የአጥር ውጪ አጀንዳም ይግባ።

ጋሽ ሳኒታሪያን፦
ይግባ። አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ትቀመጥ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየደጁ የሚዞሩት እነሱ ናቸው፣ የማን መፀዳጃ ጉድጓድ እንደሞላ ያውቃሉ።

እትዬ ከቅዳሜ ገበያ፦
ይህ ሁሉ መልካም ነው። ማን ይነግራቸዋል?

ሲስተር (አዋላጅ)፦
እትዬ፣ ስለ ወንበሩ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ካርድ ክፍላችን በር አጠገብ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ አለ፣ ያለፈው ዓመት የክትባት ፖስተር ነው የተለጠፈበት። የማዋለጃችን ውሃ የጠፋባቸውን ቀናት በተረኛ መዝገባችን ላይ እየጻፍን ነው የምናድረው። ነገ ጠዋት ለኃላፊዬ አሳይቼ የዚህን ወር እንድለጥፍ እጠይቀዋለሁ። የመድኃኒቱን ደግሞ ፋርማሲ ያለውን ልጅ እለምነዋለሁ።

እትዬ ከቅዳሜ ገበያ፦
ሐሙስ ለኪኒኔ እመጣለሁ። አየዋለሁ።